በዋንጫው ቀን ገላጋዩ አጎቴ

በምንኖርበት ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ አጎቴ ጋሽ ዘውዴ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። የእኔ ጥፋት፣ ልጄ የሚጫወትበት ትንሽ ኮሌጅ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ ለአሜሪካን ፉትቦል ዋንጫ ሲደርስ እሳቸውን ይዤ መሄዴ ነው። ልጄ ኳሷን እንዳቀፈ፣ የጨዋታው ሕግ እንደሚፈቅደው፣ ስምንት ጎረምሳ ተከመረበት። ዘወር ስል ጋሽ ዘውዴ የሉም! ከዘራቸውን ይዘው ሜዳው መሀል ገብተዋል።

«ለአንድ ልጅ ስምንት ሆናችሁ? በማርያም፣ ተዉ!»

ዳኛው ተናዶ ጥፋት ሲሠራ የሚጣለውን ቢጫ ጨርቅ ወረወረ። አጎቴ አንስተው፣ አራግፈው፣ «ልጄ፣ መሐረብህ ወድቋል» ብለው ሰጡት። እኔ ኮፍያዬን ፊቴ ላይ ደፋሁ። እንደ ምንም ብለን ዋንጫውን በላን። ጨዋታው አልቆ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ሲጨባበጡ አጎቴ ጎሸም አደረጉኝና፣ «በል እንሂድ፤ ታርቀዋል» አሉኝ።