የባሰበት ይቅደም

ከአርዲቦ እስከ ሐይቅ ከተማ ድረስ የጋሽ ኑርዬ ጉጠት ያልገባበት አፍ ጥቂት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ጥርስ ነቅለዋል። ጦርነቱ ከተማዋን ረግጦ ባለፈ ጊዜ፣ የጤና ጣቢያው የጥርስ ክፍል ተዘግቶ ሐኪሞቹ ሲበታተኑ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም መንጋጋውን ይዞ የሮጠው ወደ እሳቸው ደጅ ነበር። «ኑርዬ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» ሲባል እሰማለሁ፤ ሐሰትም አይደለም። ሰውየውም ይህን ስማቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል።

እንግዲህ ፈተና ሲመጣ አይጣል ነው፣ የነቃዩ የራሳቸው መንጋጋ ታመመ። የሰው እንጂ የራስ ጥርስ የሚነቀልበት እጅ ከየት ይመጣል። ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ደግሞ አገር ይስቅባቸዋል፣ የአርባ ዓመት ስምም በአንድ ጠዋት ያልቃል። ሦስት ቀን ቻሉት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን ጉንጫቸውን በኩታ ሸፍነው፣ ለቤተሰቡ «ለአንድ ጉዳይ ከተማ ደርሼ ልምጣ» ብለው በባጃጅ ሐይቅ ገቡ።

በጤና ጣቢያው ግቢ አርባ የሚሆን ሰው ወረፋ ይዞ ተቀምጧል። ጋሽ ኑርዬ እንዳይታዩ በጓሮ ዞሩና ከቧንቧው አጠገብ አንዲት ሽርጥ የታጠቀች ወጣት በባልዲ ዕቃ ስታጥብ አገኙ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሏት። «እስቲ ዶክተሯን ጥሪልኝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን አደሩ አባቴ። ዶክተሯ እኔው ነኝ። ዕቃ አጣቢዋም፣ ካርድ ጻፊዋም እኔው ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«አፉ በይኝ ልጄ፣ ሽርጡን አይቼ ነው።»

«አብሽሩ፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስህን እባላለሁ። አንቱስ?»

«ኑርዬ።»

«የአርዲቦው ጥርስ ነቃይ?»

ጋሽ ኑርዬ ሕመሙን ረስተው ወገባቸውን ቀና አደረጉ። ስህን ኩታው የሸፈነውን ጉንጭ አይታለች፤ ነገር ግን የጨዋ ልጅ ናትና አላየሁም አለች።

«ታመው ነው?»

«የለም፣ እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው። ሥራው እንዴት ነው?»

«ሥራውማ በዛ። ከጦርነቱ በፊት ሦስት ነበርን። አንዱ እንደተሰደደ ቀረ፣ አንዷ አዲስ አበባ ገባች፣ እኔ ቀረሁ» አለችና ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፣ ዓይኗ በድካም ቀልቷል።

«እኔ ግን አርባ ዓመት ብቻዬን ሠርቻለሁ፣ ልጄ። ረዳት ይሰጠኝ ብዬ አላውቅም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ብርቱ ነዎት። ግን አንቱ ዘንድ የመጣ ሁሉ ተነቅሎለት ይሄዳል። እዚህ ከሚመጣው አብዛኛው ጥርስ ሳይነቀል የሚድን ነው፣ ማዳን ደግሞ ከመንቀል ይረዝማል። ዕቃው በየሰዉ ይታጠባል፣ ይቀቀላል። ያ ሁሉ ጊዜ ከበሽተኛው ላይ ይቀነሳል።»

«ታዲያ ምን አሰብሽ?»

«ከሰኞ ጀምሮ አሲያ የምትባል ልጅ ትገባለች። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት። ዕቃ መቀቀሉን፣ ካርድ መጻፉን፣ በሽተኛ ማዘጋጀቱን አስተምሬያታለሁ።»

ጋሽ ኑርዬ ይህን ሲሰሙ ከልባቸው ተቆጡ። «እናንተ አይደላችሁም እንዴ ያልተማረ እጅ ጥርስ አይንካ እያላችሁ እኛን የምትነቅፉት? አሁን ከዓረብ አገር የመጣች ልጅ ሐኪም ልትሆን ነው?»

«አይደለም አባቴ። አሲያ የሐኪም ሥራ አትሠራም። ሐኪም የማያስፈልገውን ሥራ ከሐኪም ጫንቃ ላይ ታወርዳለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሰምተው የለም?»

ነገሩ ገባቸው፤ ሽማግሌ ግን በአንድ ተረት አይረታም። ስህን ባልዲውን ደፍታ ቀጠለች።

«ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሌላ ነው። 'ይቅደሙ' ነው የከፋብኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ይቅደሙ። እዚህ ግቢ ሸህ ሲመጣ ይቅደሙ፣ ቄስ ሲመጣ ይቅደሙ፣ ሽበት ያለው ሁሉ ይቅደሙ። ትናንት እስከ እኩለ ቀን ሰባት ሽማግሌ አየሁ። ቀጠሮ ቢሰጣቸው የሚጎዱ አልነበሩም። ስምንተኛዋ ልጅ ፊቷ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት፣ ከማለዳ ጀምራ ስታስቀድም የዋለች ናት።»

«ታዲያ ሽማግሌ አይከበር ነው የምትይው? ወሎ እኮ በዚህ ነው የሚኮራው። እስላሙ ለመነኩሴ፣ ክርስቲያኑ ለሸህ ይነሳል። ይህንን በትምህርት አጥፊው ተብለሽ ከሆነ እኔ አልስማማም።»

«እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ በዚያ ነገር እንደ አንቱ እኮራለሁ። ለድግስ፣ ለመጅሊስ፣ ለለቅሶ ይቅደሙ። ሐኪሙ አንድ ሲሆን ግን አክብሮታችን ሰው ይጎዳል። ከዚህ ደጅ የባሰበት ይቅደም ነው የምለው።»

የጋሽ ኑርዬ ዓይን ባልዲው ላይ ቀረ። ከዚያም ለሚስታቸው እንኳ ያልነገሩትን ነገር ለዚህች ልጅ ነገሯት።

«በጦርነቱ ወር ሳሊሕ የሚባል ሰው መጣብኝ። እብጠቱ ከመንጋጋው አልፎ አንገቱ ወርዷል፤ አፉን መክፈት አቅቶታል። በግድ ከፍቼ ነቀልኩለት። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። አገሩ ኑርዬ ባይኖር ይላል፤ እኔ ግን ያ ሰው ከዓይኔ አይጠፋም። አዝኛለሁ፣ ልጄ። በጣም አዝኛለሁ።»

«አላህ ይርሐመው» አለች ስህን። «በዚያ ወር ሐኪም አልነበረም። ያለዎትን እጅ ሰጡ። ዛሬ ደግሞ ዓይንዎን እፈልገዋለሁ። አሲያ ዕቃ መቀቀል ተማረች፤ ያንን እብጠት ከሩቅ መለየት ግን ዓመታት ይፈጃል። አንቱ ያውቁታል። ሰዉም ይሰማዎታል። እኔ ሽማግሌን 'ይቆዩ' ብል ባለጌ እባላለሁ፤ አንቱ ቢሉ ምክር ነው። ደጁን ይያዙልኝ።»

«ጉጠቴስ?»

«ጉጠቱ ይረፍ፣ አባቴ።»

ጋሽ ኑርዬ እሺም እምቢም ሳይሉ በቀስታ ወደ ፊት ለፊቱ ዞሩ። ሲታዩ ግቢው በሙሉ ተነሳ። «ጋሽ ኑርዬ፣ ይቅደሙ።» ከሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡ መነኩሴ እንኳ ከአግዳሚው ጫፍ ተነስተው ቦታቸውን ሰጧቸው። በሩ ሁለት እርምጃ ነው፣ መንጋጋቸው ይጠዘጥዛቸዋል፤ መግባት ብቻ ነበር የቀራቸው።

አልገቡም። በመንፈስ ትግል ላይ ያለ ሰው ቀስ ይላልና፣ ቀስ እያሉ ሰዉን አንድ በአንድ እያዩ ሄዱ። ከግድግዳው ጥግ ከአምባሰል በኩል የመጣች ራህመት የምትባል ወጣት ቆማለች። እብጠቷ ከመንጋጋዋ ወርዶ አንገቷን ይዟል።

«አፍሽን ክፈቺ ልጄ።»

ሞከረች፤ ጣት የሚያስገባ ያህል እንኳ አልተከፈተም።

«ስንት ሰው አስቀደምሽ?»

አምስት ጣቷን አሳየች። ጋሽ ኑርዬ እጇን ይዘው በሰዉ መሃል ወደ በሩ ወሰዷት። «ይህች ትግባ» አሉ።

«እኛ ሽማግሌዎቹስ?» አሉ አቶ ዝናቡ የሚባሉ የአገር ሽማግሌ። «ዛሬ ሽበት ተናቀ ማለት ነው?»

«ሽበት ክብር ነው እንጂ ሕመም አይደለም፣ ዝናቡ። እንዲህ ያለ እብጠት ሰው ሲቀብር አይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደጅ የባሰበት ይቀድማል፤ ቅር ያለው እኔን ይቀየመኝ።»

መነኩሴው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፤ እኔም እቆያለሁ» አሉ። እሳቸው እቆያለሁ ካሉ በኋላ ማን ይናገራል።

«አንተስ ማንን ልትጠይቅ መጣህ?» አሉ አቶ ዝናቡ ቅሬታው ሳይወጣላቸው። ያን ጊዜ ጋሽ ኑርዬ ኩታቸውን ከጉንጫቸው ገለጡ። «ጥርሴን ታምሜ ነው። እብጠት የለኝም፤ ስለዚህ መጨረሻ ነኝ» ብለው ከሰልፉ ጅራት ተቀመጡ።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለ አንድ ከኋላ። ግቢው ሳቀ። የፈሩት ሳቅ ይኸው መጣ፤ ግን እንደ ፈሩት አልጎዳቸውም፣ መንጋጋቸውን ይዘው አብረው ሳቁ።

ስህን የራህመትን እብጠት ከፍታ መግሉን አወጣች፣ መድኃኒት ሰጥታም በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላከቻት። ቀላል ቀላሉ በቀጠሮ ተመልሶ የጋሽ ኑርዬ ተራ የደረሰው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው «በይ ንቀይው፣ አልጮህም» አሏት።

«ይህ እኮ አይነቀልም፣ አባቴ። ይጠረግና ይሞላል። ገና ብዙ ያኝክልዎታል።»

አርባ ዓመት ሲነቅሉ የኖሩት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርስ ሳይነቀል ሲድን አዩ፣ ያውም የራሳቸውን። በማግስቱ ጉጠታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ለስህን አስረከቡ።

እነሆ ዛሬ በዚያ ክፍል ሐኪሟ አሁንም አንድ ናት፤ ሌላ ይላካል እየተባለ ይጠበቃል። ነገር ግን አሲያ ዕቃውን ስለያዘች፣ ኑርዬም ደጁን ስለያዙ፣ ስህን ቀድሞ በሁለት ቀን የምታየውን በአንድ ቀን ታያለች። ቀላሉ በቀጠሮ ይመለሳል፣ የጠናው አያድርም። አሲያም በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት ቤት እየሄደች ልጆቹን በመፋቂያ ጥርስ አጠራረግ ታስተምራለች፤ ያልታመመ ጥርስ ወረፋ አይይዝምና። ራህመትም ድና ለምስጋና መጥታ ነበር።

ጋሽ ኑርዬ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከበሩ ቆመው ሲታዩ ያስቀናሉ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ «ጥርስ ነቃዩ ኑርዬ አንቱ ነዎት?» ሲላቸው ቀና ብለው ይመልሳሉ።

«ጥርስ መንቀሉንስ ትቻለሁ፣ ልጄ። አሁን የምነቅለው ሽማግሌ ነው፣ ከአግዳሚው ላይ።»