ሳይመረመር የተፈረደበት ባትሪ

እህቴን ለኩላሊት እጥበት አስገብቼ፣ አራቱን ሰዓት የት እንደማሳልፈው ሳላውቅ ወደ ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ወረድኩ። ግንቡ ጥግ አንድ አሮጌ ነጭ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ከፊቱ ወገባቸውን ይዘው ሞተሩን የሚመለከቱትን ሽማግሌ አወቅኳቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ባለቤታቸው በሳምንት ሦስት ቀን ከእህቴ በፊት ባለው ተራ ይታከማሉ።

«ምነው ጋሼ፣ እስካሁን አልሄዱም?»

«የት ልሂድ መምህር? ጠዋት ደህና መጣን። አሁን ቁልፉን ባዞረው ጭጭ። ባትሪው ሞቷል። በሦስት ወር ውስጥ ይሄ ሁለተኛው አዲስ ባትሪ ነው። የዘንድሮ ዕቃ ዕቃ አይደለም።»

ከኋላ ወንበር ላይ ባለቤታቸው ጫማቸውን አውልቀው ጋደም ብለዋል። ከእጥበት የወጣ ሰው ለመናገር እንኳ አቅም ያጣል። ባለፈው ሳምንት መኪናው አልነሳ ብሎ አንድ ቀን ቀርተው፣ በማግስቱ ትንፋሽ አጥሯቸው በሰው ትከሻ እንደገቡ አይቻለሁ።

«ታክሲ ልጥራላችሁ?»

«ዛሬን በታክሲ ሄድን እንበል። ከነገ ወዲያስ?»

«እንግዲያው ባለሙያ ይየው።»

«ለባትሪ ባለሙያ? ሠላሳ አራት ዓመት መሪ ጨብጬ? ሌላ ገዝቶ መግጠም ነው እንጂ።»

ይህን እየተባባልን ሳለ አንዲት የሥራ ቱታ የለበሰች ሴት የመሣሪያ ቦርሳዋን አንግታ መጣች። የልጃቸው ሚስት ናት። በመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ ስትሠራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ አማቷ ግን አንድም ቀን መኪናቸውን አስነክተዋት አያውቁም።

«ማን ጠራሽ ልጄ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ባለቤታቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ደክሞኛል።»

ምራታቸው ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ልየው።»

«የሞተ ባትሪ ምኑ ይታያል? ዝም ብለሽ እጅሽን ታቆሽሺያለሽ።»

«እማማ ዛሬ ለእጥበቱ ከመተኛታቸው በፊት ምን አደረጉላቸው?»

«መዘኗት። ግፊቷን ለኩ። ደም ወሰዱ።»

«ሐኪሙ ይህን ሁሉ ትቶ፣ በር ላይ ቆሞ አይቷቸው መድኃኒት ቢያዝስ?»

«ምን ቆርጦት! እጁን ይዤ አስወጣው ነበር።»

«ለመኪናው ያን ሐኪም የሆኑበት እርስዎ ነዎት አባባ። ሁለቴ መድኃኒት ቀየሩለት፤ አንዴም አልለኩትም።»

ቃሉ እንዳይከብዳቸው ፈርቼ ፊቴን ዞር አደረግኩ። እሷ ግን የተናገረችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ብዙዎቻችን ልምድ ያለውን ሰው ስናርመው የምናዋርደው ይመስለናል፤ ዝም ስንለው ደግሞ ያከበርነው። የዝምታችንን ዕዳ የሚሸከመው ግን እንደ እኚህ እናት ከኋላ ወንበር የተኛው ነው።

«እንግዲህ ልምዴ ከንቱ ነው በይኛ» አሉ ሽማግሌው፣ ቅር ብሏቸው።

«አይደለም። የሞተር ድምፅ ሰምተው ሕመሙን ሲናገሩ እኔ አጠገብዎ አልደርስም። ኤሌክትሪክ ግን ድምፅ የለውም። ካልለኩት አይናገርም።»

ሽማግሌው ከሞተሩ ፊት ፈቀቅ ብለው፣ «እሺ፣ ለኪው» አሉ።

«ቁልፉን ሲያዞሩ የውስጥ መብራቱ ምን ይሆናል?»

«ይበራ የነበረው ድርግም ብሎ ይጠፋል።»

የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሯን አውጥታ ሁለቱን ጫፎች ኬብል በሚታሰርባቸው የባትሪው ጉጦች ላይ አሳረፈች። «ያንብቡልኝ» አለቻቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ።

«አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ቮልት።»

«ይሄ የሞላ ባትሪ ነው። አልሞተም።»

ቀጥላ አንዱን ጫፍ በጉጡ ላይ፣ ሌላውን ጉጡን በያዘው የኬብል ማሰሪያ ላይ አድርጋ፣ እኔን ቁልፉን እንዳዞር ላከችኝ። አዞርኩ። ሽማግሌው «አሥራ አንድ» ብለው አነበቡ።

«ሁለቱ በደንብ ቢነካኩ ኖሮ በመካከላቸው ዜሮ ነበር የሚያሳየው። ኃይሉ እዚህ ጋ ታግዷል።»

ኬብሉን ፈታ ማሰሪያውን ስትከፍተው፣ ውስጡ የተጠቀለለ ቁራጭ ቆርቆሮ ወጣ፤ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በልቶታል። ማን እንዳስገባው አልጠየቀችም። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ።

«አዲሶቹ ባትሪዎች ጉጣቸው ቀጭን ነው። ማሰሪያው ላላብኝና እኔው ሸጎጥኩበት። ታዲያ ያ የጣልኩት ባትሪ…»

«ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም።»

ጉጡንና ማሰሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ፣ ያለ ቆርቆሮው አጥብቃ አሰረችው። ልኩ የሆነ ማሰሪያ ነገ እንደምታመጣ ነገረቻቸው። ቁልፉን ሽማግሌው ራሳቸው አዞሩ፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እየሠራ እያለ ደግማ ለካችው፤ አሥራ አራት አለ። ዲናሞውም ባትሪውን በደንብ እየሞላ ነበር።

«ከዚህ ወዲያ» አለቻቸው፣ «መኪናው አልነሳ ሲል መጀመሪያ ማሰሪያዎቹን ይዩ፣ ቀጥሎ ባትሪውን ይለኩ፣ ከዚያ ዲናሞውን። መግዛት የመጨረሻው ነው።»

«እንሂድ በሏ» አሉ ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ለወራት ተገናኝተናል። ባለቤታቸው አንድም የሕክምና ቀን አልቀሩም፤ የእግራቸው እብጠት ጎድሏል። ምራታቸው በየወሩ መኪናውን ታየዋለች፤ ወደ ቤታቸው መምጣቷም በዝቷል። ይህ ሁሉ የመጣው ከመፍረድ በፊት በመመርመር ነው። ሙያን ከልጅም ከሴትም ለመቀበል የማያፍር ቤት ከመከራው ግማሹን ያቃልላል።

አንድ ቀን ከመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ሽማግሌው እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ‹አላውቅም› ብዬ አላውቅም። ለካስ እሱ ነው ሲያደክመኝ የኖረው።»