የሰኞ ትንፋሽ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ አንድ ሰኞ አመሻሽ ላይ፣ አቶ ዲሪዬ ከሚሠሩበት የጥጥ መዳመጫ ወጥተው ሲያዘግሙ የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። የድልድዩን ብረት ይዘው ቆሙ። መንገደኛው ያልፋል፤ የሚያያቸው የለም። ሚስታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። አብረዋቸው ከተቀጠሩትም በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቤት ሲገቡ «እንዴት ዋልክ?» የሚላቸው ስላልነበረ፣ ስለ ሕመማቸው ማውራት ከተዉ ቆይተዋል።

«አባቴ፣ ይደገፉኝ» አለች አንዲት ነጭ ልብስ የለበሰች ወጣት። «ሰኞ ሰኞ ነው የሚብስብዎ?»

አቶ ዲሪዬ ደነገጡ። መዳመጫው ውስጥ በሠሩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ይህን የጠየቃቸው አልነበረም።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፤ ልብስዎ ላይ የጥጥ ብናኝ አይቼ ነው። ቱሪያ እባላለሁ፤ ጎንደር ነርስነት ተምሬ የመጣሁ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ። እሑድ ዐርፈው ሰኞ ወደ ጥጡ ብናኝ ሲመለሱ ደረት ይታፈናል። በከተማችን ስንት ሠራተኛ እንደታመመ ግን የሚያውቅ የለም። ከጤና ጣቢያችን ሐኪም ጋር ልናጠናው ነው፤ እርስዎም ይመዝገቡ።»

ሽማግሌው ክንዳቸውን አላቀቁ።

«አይሆንም ልጄ! ድሮም ፈረንጆች መጥተው ትንፋሻችንን እንለካለን ብለው ቱቦ ውስጥ አስነፉን። ጽፈው ጽፈው በባቡር ሄዱ። ወዳጄ ዐብዱላሂ "ምን አገኙብኝ ይሆን?" እያለ ሁለት ዓመት ጠበቀ። የነገረው ሰው ሳይኖር ቀበርኩት።»

የተናገሩት እውነት መሆኑን ቱሪያ ታውቅ ነበር።

«ተበድላችኋል፣ አባቴ። የተጻፈው ከሰዎቹ ጋር የሄደው፣ እዚህ ሆኖ የሚያነበውና በየዓመቱ ትንፋሻችሁን የሚለካ የራሳችን ሰው ስላልነበረ ነው። እኔ ግን የትም አልሄድም። ውጤቱን ቤትዎ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

«አሠሪው መታመሜን ሰምቶ ቢያባርረኝስ?»

«ስምዎን ከሐኪሙና ከእኔ በቀር ማንም አያየውም። አሠሪው የሚያየው ስንት ሰው እንደታመመ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሲያስል ብርድ መታው ይባላል፤ አርባ ሰው በአንድ ክፍል ሲያስል ግን ምን ሊባል ነው? የሞቱትንም እንመዘግባለን። ያስታውሷቸዋል?»

አቶ ዲሪዬ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ «ጻፊ» አሉ። «ዐብዱላሂ። ኑርቶ። ኢድል። ገብረ መድኅን…» ለዓመታት ጮክ ብለው ያልጠሯቸውን አሥራ አንድ ስሞች አንድ በአንድ ጠሩ።

ያልተጠና በሽታ ሰውን ነጥሎ ይወስዳል። እያንዳንዱ ሟች በራሱ ዕድል የሞተ ይመስላል፤ ቤተሰቡም ብቻውን ያለቅሳል። ተቆጥሮ ሲጻፍ ግን የአንዱ ሕመም የሁሉም ጉዳይ ይሆናል።

በሳምንቱ አቶ ዲሪዬ በወጣቶቹ ሠራተኞች ፊት ቀድመው ቱቦውን ነፉ። ጥናቱ ዓመት ፈጀ። ውጤቱ ሲነበብ አሠሪው መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ግን ቁጥሩን መካድ አልቻለም። ብናኝ የሚስብ ማራገቢያ ተተከለ፤ ወለሉም ከመጠረጉ በፊት ውኃ ይረጭበት ጀመር። የታመሙትም፣ ስማቸው እንዲነገር ራሳቸው ሲፈቅዱ፣ ሳይባረሩ ብናኝ ወደሌለበት መጋዘን ተዛወሩ።

ቱሪያም እንዳለችው ቤታቸው መጣች።

«የተጎዳው ሳንባዎ አይመለስም፣ አባቴ። ከብናኙ ከራቁ ግን አይብስብዎትም።»

«እውነቱን ነገርሽኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ አንቺ ብትሄጂስ ማን ይለካል?»

«ሁለት የከተማችንን ልጆች እያሠለጠንን ነው።»

«እንግዲያው ወደ እኔ አምጫቸው።»

በማግስቱ አቶ ዲሪዬ ከመዳመጫው በር ውጭ ቆመው ብናኙ በየትኛው ማዕዘን፣ በስንት ሰዓት እንደሚወፍር በበትራቸው ያመለክቱ ነበር፤ ሁለቱ ተማሪዎችም ይጽፉ ነበር።