ሰባተኛው ጥያቄ

ከካምቦዲያ ዋና ከተማ ከፕኖም ፔን ዳር ሠራተኛ አጭቃ የምታመላልሰው የጭነት መኪና ጎማዋ ባይተነፍስ ኖሮ፣ ሳሩንና ቻንቱ ጎን ለጎን ባልተቀመጡ ነበር። ሳሩን የልብስ ስፌት ፋብሪካው አንጋፋ ቆራጭና የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሰኞ ለሚጀመረው የኅብረት ድርድር ስድስት ጥያቄዎች ጽፈው በኪሳቸው ይዘዋል። ቻንቱ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተምራ፣ አባቷ ሲታመሙ ወደ ስፌት የገባች ወጣት ናት። ጎማው እስኪቀየር መንገድ ዳር ካለች የሩዝ ገንፎ ሻጭ አግዳሚ ላይ አረፍ አሉ።

"አጎቴ፣ እርጉዝ ኮንትራቷ እንዳይቋረጥ የሚለውን አስገቡልን?"

ሳሩን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ይሄማ የቤት ገመና ነው። ድርድር ላይ የሚቀርበው የሁላችን ጉዳይ ነው፤ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓት፣ የቀብር ድጎማ። ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት ሲባል አልሰማሽም?"

"ማጀቱማ ኦና ሆኗል፤ ሁላችንም ፋብሪካ ነን!"

ገንፎ ሻጯ ሳቀች። ሳሩንም ሳቅ አመለጣቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ለሠራተኛው ተሟግተዋል። አምስቱም ተደራዳሪዎች ወንዶች መሆናቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ከንክኗቸው አያውቅም።

"ጥያቄ ሲበዛ ድርድር ይፈርሳል" አሉ።

"አምና ሥራ አቁሙ ሲሉን ማሽኑን ያቆመው ማን ነው?"

"እናንተ ናችኋ።"

"ከመቶው ዘጠናው ሴት ነው። ስናድም አለን፤ ስትደራደሩ የለንም። ለሟች አንቀጽ አስገብታችኋል፤ ለሚወለደውስ?"

ሳሩን ወደ እሷ ዞሩ። ዓይናቸው ልጅቱ ወገብ ላይ አረፈ። በዚያ ሙቀት ክራማዋን፣ ዳማ ዳማውን የአንገት ልብስ፣ ከሸሚዟ ሥር ጥብቅ አድርጋ ጠምጥማዋለች።

"ወገብሽን ያምሻል እንዴ?"

"አርግዣለሁ፤ አምስት ወር ሆነኝ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። እስኪታደስ ሆዴን አስሬ እቆያለሁ። ወገባቸውን ያመማቸው የመሰሉዎት ሁሉ እንደኔው ናቸው።"

ሳሩን አፈሩ። ስንቷን "ቅባት ተቀቢ" ብለው መክረው አልፈዋል!

"ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?"

"አምስት ወንድ ፊት ቆሜ ሆዴን ላሳይ?"

ወረቀቱን አወጡ፤ እስክሪብቶውን ግን ለእሷ ሰጧት። "ሰባተኛውን አንቺው ጻፊ። ሰኞም ከጎኔ ትቀመጫለሽ። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።"

"ቢያባርሩኝስ?"

"ያን ጊዜ ማሽኑ ሁሉ ይቆማል፤ ራስሽ እንዳልሽው።"

ሰኞ ጠዋት ቻንቱ ወደ ድርድሩ ክፍል ስትገባ ክራማዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። የሥራ አስኪያጁ ጠበቃ ሆዷን አይቶ አቀረቀረ። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ አንቀጹ ግን ገባ። ዛሬ በዚያ ፋብሪካ እርጉዝ ሴት ኮንትራቷ ይታደሳል፤ ከባድ ሥራም አይሰጣትም። ፋብሪካው የለመደ እጅ አያጣም፤ ማኅበሩ አይሰማንም ብለው ሸሽተው የነበሩ ሴቶችም ተመልሰዋል። ከአምስቱ ተደራዳሪዎች ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ሳሩንም ወንበራቸውን ለአንዷ ለቀዋል።

ያቺ ክራማ አሁን በቻንቱ ቤት ሁለት ምሰሶዎች መካከል ተንጠልጥላ የሕፃን መኝታ ሆናለች። ሳሩን ሊጠይቁ ሲሄዱ ሕፃኑን በቀስታ እያወዛወዙ፣ ስሙን ትተው "አንተ ሰባተኛው!" ይሉታል።