የወይዘሮ ጥሩሸዋ ጣሳ

የምስክርነት ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ ፈንታ ወልደ ጻድቅ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የመኪና ጥገና
አድራሻ፦ መሐል ሜዳ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ የካቲት 4 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ምንተስኖት አስፋው

ምስክሩ ሳይጠራ በራሱ ፈቃድ ቀርቦ፣ እውነቱን ለመናገር ከማለ በኋላ የሚከተለውን ቃል ሰጥቷል፦

በመሐል ሜዳ ከተማ መኪና ስጠግን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቃሌን የምሰጠው ታኅሣሥ 23 ቀን 2000 ዓ.ም. ጓሳ ላይ መኪና ተበላሽቶባት በመንገድ ስለሞተችው ስለ እታገኝ ነው። በዚሁ ጉዳይ «ራዲያተሩን ሳያይ ነድቷል» ተብሎ የታሰረው ሹፌር ዳኜ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

መኪናዋ ያገለገለች ላንድክሩዘር ስትሆን ባለቤቷ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው። ኅዳር 28 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ወደ ጋራዤ አስመጥተው ኩላንቷን፣ ማለትም ውሃው በብርድ እንዳይረጋ በሙቀትም እንዳይፈላ የሚደረገውን አረንጓዴ ፈሳሽ፣ እንድቀይር አዘዙኝ። አሮጌውን ሳወርደው ዝገት ይዞ አተላ መስሎ ነበር። ንጹህ ውሃ እየሞላሁ፣ ሞተሩን እያስነሣሁና መልሼ እያፈሰስኩ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። በአራተኛው የሚወርደው ጠራ። አዲሱን ኩላንት ሁለት ጀሪካን አስቀድሜ ከደብረ ብርሃን አስመጥቼ ነበር። ልከፍተው ስል መሪጌታ እጄን ያዙኝ።

መኪናዋ በፊተኛው ባለቤት እጅ ሳለች ተገልብጣ ሰው መግደሏን የሰሙት ከገዟት በኋላ ነው። «ደም አለባት፤ ሆዷ በጸበል ይታጠብ» አሉኝና ከመኪናዋ አንድ ትልቅ ጀሪካን ጸበል አስወርደው በኩላንቱ ምትክ እንድሞላ አዘዙኝ። «መሪጌታ፣ ውርጭ ያገኘዋል እኮ» አልኳቸው። «ጸበልን ውርጭ አይደፍረውም» አሉኝ።

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ጸበሉ የሚጠራቀምበትን ገንዳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በታኅሣሥ ጠዋት ላዩ ረግቶ ሰው በዱላ እየሰበረ ሲጠመቅ አይቻለሁ፤ እኔም ሰብሬ ተጠምቄበታለሁ። ቅድስናውን ብርድ አይነካውም፣ ውሃነቱን ግን ይነካዋል። ይህን ብናገር ሃይማኖት የለሽ የምባል መስሎኝ ፈራሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝም ብዬ ሞላሁት።

በአገራችን ባዶ ውሃ የያዘ መኪና ውጭ የሚያድር ከሆነ ሹፌሩ ማታ ውሃውን አፍስሶ ጠዋት አሙቆ ይሞላል። ይህን ሳስታውሳቸው መሪጌታ «ጸበል በየማታው መሬት ላይ ሊደፋ ነው? ለዳኜ ኩላንት ነው በለው» አሉኝ። ዳኜ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ሊወስድ መጥቶ «ኩላንቱ ተቀየረ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተቀይሯል፤ ጓሳ ሜዳ ላይ ብታድርም አታስብ» አልኩት። የኋለኛይቱን ቃል መሪጌታ አላዘዙኝም፤ ከራሴ የጨመርኳት ናት።

መኪናዋ ሌላ ጊዜ የምታድረው ቤት ውስጥ ስለሆነ ምንም ሳትሆን ቆየች። ታኅሣሥ 22 ቀን ዳኜ ካህናትን ለተዝካር ጓሳ ዳር ወዳለ መንደር አድርሶ እዚያው አደረ። ቃሌን አምኖ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቆማት። በማግስቱ ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ምጥ የጠናባትን እታገኝን ከእናቷ ከወ/ሮ ጥሩሸዋ ጋር አሳፍሮ መሐል ሜዳ ሐኪም ዘንድ ሊያደርሳት ተነሣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሄድ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ቆመ። ፈረሰኛ ላከብኝና 2፡30 ላይ ደረስኩ።

የመንደሩ ወንዶች ተከትለው መጥተው ቃሬዛ አበጅተው ጨርሰው ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ራዲያተሩ ከሥሩ አንድ ጋት ያህል ተሰንጥቋል። ሌሊት የረጋው ጸበል የበረዶ ስባሪ ገና ውስጡ ነበር። እንደማትነሣ ያን ጊዜውኑ አውቄአለሁ። ግን ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ዳኜም «ኩላንት አልነበረም እንዴ?» ይለኛል። ብትነሣልኝ ጉዴ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ «አትቸኩሉ፣ አሁን ትነሣለች፤ ውሃ ብቻ ይምጣልኝ» አልኳቸው። ባለሙያ ነው ብለው አመኑኝ። ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው ሊገፉ ከመኪናዋ ኋላ ተሰለፉ።

ወ/ሮ ጥሩሸዋ ጣሳ ይዘው ከመንገዱ በታች ወዳለው ምንጭ ወረዱ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። ከላይ ስሞላው ከታች እየወረደ ጎማው ሥር ይጠፋል። እንዳያዩት በእግሬ እየጋረድኩ «ትንሽ ቀረው እናቴ፣ አንድ ይድገሙኝ» እላቸው ነበር። እታገኝ በመስኮቱ በኩል «ወንድሜ፣ ተሠራ ወይ?» አለችኝ። «ተሠራ እኮ እህቴ» አልኳት። እንዲህ እያልኩ እስከ 3፡45 አቆየኋቸው።

በመጨረሻ ዳኜ ገፍትሮ ከኮፈኑ አራቀኝና «ተሸከሟት!» ብሎ ጮኸ። ተሸክመዋት ሄዱ። ከተማው እየታየ፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው፣ 5 ሰዓት ላይ ከነጽንሷ ሞተች። እኔ ያቆየኋት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮፈን በከፈትኩ ቁጥር «ተሠራ ወይ?» የሚል ድምፅ ከጎኔ እሰማለሁ። ዞር ስል ሰው የለም። ደንበኛ መጥቶ ይህንኑ ሲጠይቀኝ ቁልፉን አቀብዬው ወደ ውስጥ እገባለሁ። የጋራዥ ጎረቤቶቼ «ፈንታ ምላሱን ምን በላበት?» እያሉ ይስቁብኛል። ዳኜ መታሰሩን እያወቅሁም አርባ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ትናንት የካቲት 3 ቀን፣ በአርባዋ ማግስት፣ ወ/ሮ ጥሩሸዋ ጋራዤ መጡ። ጣሳቸው ያን ቀን ከመፍቻዎቼ ጋር ተቀላቅሎ እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ መረቁኝ። «አንተስ የተቻለህን አደረግህ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ውሃውን ቶሎ ባደርስልህ ልጄ ትተርፍልኝ ነበር» አሉኝ። ጣሳውን ግን አልሰጠኋቸውም። አጥቤ አመጣለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

መሪጌታን ልከስ አልመጣሁም። እሳቸው የሚያውቁት መጽሐፉን ነው፤ ውርጭና ብረት አውቃለሁ ብዬ እንጀራ የምበላው እኔ ነኝ። ክዳናቸው ያልተከፈተ ሁለት ጀሪካን ኩላንትና አንድ ጣሳ በማስረጃነት አስረክቤአለሁ። ዳኜ እንዲፈታ እጠይቃለሁ።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ተነቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ የቀነስኩትም የደበቅሁትም የለም፤ በሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኛል። ፊታቸው ቆሜ ለመናገር ድፍረት ስላጣሁ፣ ይህ ቃል ለወ/ሮ ጥሩሸዋ እንዲነበብላቸው እለምናለሁ። መርማሪው ጣሳውን ሲመልሱላቸው ይህን ይንገሩልኝ፦ ስድስቱም ጣሳ ውሃ መሬት ላይ ነው የፈሰሰው፣ እኔም እያየሁ ነበር። እሳቸው አልዘገዩም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፈንታ ወልደ ጻድቅ (ፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ ም/ሳጅን ምንተስኖት አስፋው (ፈርሟል)