ከውስጥ የሚከፈት በር

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቤቴ ቁልፍ እጄ ላይ ባይሰበር ኖሮ ወደ ቁልፍ ሠሪው ሱቅ ባልሄድኩ ነበር። ባልሄድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ሽማግሌው ሞረዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» ነው የሚላቸው። ደንበኛ ሳያስቀምጡ ሥራ አይጀምሩም፤ ሳያወሩም አይጨርሱም።

«ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ደህና ናት?» አልኳቸው። ሚጢጢን ስድስተኛ ክፍል የማስተምራት እኔ ነኝ።

«ሆዴን አመመኝ ብላ ተኝታለች። አታስቢ መምህርት፣ የግቢው በር ሦስት ቁልፍ አለው፤ ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም። እናቷ ከሞተች ወዲህ የማሳድጋት እኔ አይደለሁ? እኔ ቤት ዝንብ አይገባም!»

«ብቻዋን ምን ትሠራለች?»

«ስልኳን ይዛ ክፍሏ ናት። ለክፍሏም ከውስጥ የሚቆለፍ አበጅቼላታለሁ። ልጅ ከቤት እስካልወጣች ምን ትሆናለች? ጅቡ ያለው ውጪ ነው።»

ቁልፌን ተቀብዬ መሄድ እችል ነበር። ግን እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ በስልኩ በኩል የሚመጣውን በየትኛው ቁልፍ ነው የሚያግዱት?»

ከት ብለው ሳቁ። «በስልክ ደግሞ ማን ይመጣል? እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ጥላችሁንም ትፈራላችሁ እኮ።»

«ልጅ ነኝ ብሎ የሚጽፍላት ጎልማሳ ይመጣላ! በጨዋታ ይጀምራል፣ ያሞግሳታል፣ ለማንም አትንገሪ ይላታል። ቆይቶ ፎቶዋን፣ ሰፈሯን፣ እርስዎ ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ይጠይቃታል። ከማን ጋር እንደምትጻጻፍ ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«እኔ ስልክ ከማንሳትና ከመዝጋት ሌላ ምን አውቅና? ግን አስጠንቅቄያታለሁ። ‹አንዲት ነውር በዚህ ስልክ ሰማሁ ማለት፣ በዚህ መዶሻ ነው የማደቀው› ብያታለሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድም ክፉ ነገር አላሰማችኝም።»

«አይ ጋሼ! እንዲህ ተብላ እንዴት ትነግርዎታለች? ዝም ያለችው ሰላም ሆና ሳይሆን ፈርታ ቢሆንስ?»

ፊታቸው ጠቆረ። «ሴት ልጅ ድሬ፣ ቀብሬ፣ አሁን ደግሞ ልጅ ማሳደግ ታስተምሪኛለሽ?» አሉና ወደ ሞረዳቸው ተመለሱ።

በዚህ መሐል ስልካቸው ጮኸ። የብረት ጩኸት ጆሯቸውን ስላደከመው ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚሰሙት።

«አባባ፣» አለች ሚጢጢ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «የግቢው በር የመሐለኛው ቁልፍ ከውስጥ እንዴት ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ላይ ገፋ አድርጊና ወደ ግራ አዙሪው። ምነው?»

«እንዲሁ ነው። መቼ ትመጣለህ?»

«እንደ ልማዴ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት።»

ዘጋች። ሽማግሌው ኩርፊያቸውን ረስተው ፈገግ አሉ። «አየሽ? የአያቷን ሙያ መልመድ ጀመረች!»

እኔ ግን ክው አልኩ። «ጋሼ፣ የታመመች ልጅ የግቢ በር ለምን ትከፍታለች? መቼ እንደሚመጡስ ለማን ልትነግር ነው የጠየቀችዎ?»

ሞረዱ ከእጃቸው ወደቀ። የሰፈሩን በር ሁሉ የሚቆልፉት ሰውዬ የራሳቸውን ሱቅ እንኳ ሳይዘጉ ወጡ። በዚያ ዕድሜ እንዲያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ስንደርስ የግቢው በር ወለል ብሏል። ከመንገዱ ማዶ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ቆሞ ነበር፤ ጋሼን ሲያይ ተፈትልኮ ሄደ። ታርጋውን አላየሁም። ለዚህ ራሴን እወቅሳለሁ።

ሚጢጢ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ስታየን አልሸሸችም፤ ብቻ ማልቀስ ጀመረች። ስልኳን ተቀብዬ አነበብኩት። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ የስልክ ጨዋታ ውስጥ «የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ» ከሚላት ሰው ጋር ስትጻጻፍ ኖራለች። የመጨረሻው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ካልወጣሽ ፎቶሽን ለአያትሽ እልካለሁ። ስልክሽን በመዶሻ ያደቀዋል፤ አንቺንም ያባርርሻል።»

ጋሼ ስልኩን ነጥቀው ሊፈጠፍጡት እጃቸውን አነሱ። እጃቸውን ያዝኩ። «ለፖሊስ የምናሳየው እሱን ብቻ ነው! ደግሞ ከሰበሩት፣ ያ ሰውዬ የነገራት ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው።»

እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። «ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ እናት?»

«አደቀዋለሁ ብለሃላ፣ አባባ።»

አጠገቧ ዘፍ አሉ። «ለዚያ አውሬ የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ ቁልፉን እንዴት እንደምትከፍትም የነገርኳት እኔው ነኝ። መምህርት፣ ተሸንፌያለሁ። ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ይንገሯት።»

ነገሯት። እያለቀሱ ነበር የነገሯት። ከዚያ ሦስታችንም ስልኩን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

የክፍሏን መቆለፊያ በማግስቱ በገዛ እጃቸው ፈቱት። ስልኩ አሁን ሳሎን ነው የሚውለው፤ የማታውቀው ሰው እንዳይጽፍላት አድርጌ አስተካክዬዋለሁ። ጋሼም መነጽራቸውን አድርገው አጠገቧ ቁጭ ብለው የስልኩን ጨዋታ ተምረዋል፤ ሁሌ ይሸነፋሉ። «ዛሬ ማን አናገረሽ?» ይሏታል፣ ሳይቆጡ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በሌላ ጨዋታ ውስጥ አድራሻዋን ቢጠይቃት ራሷ ሮጣ አሳየቻቸው። ወላጆች፣ የለውጡ ጥቅም ይሄ ነው፦ ልጅ የደረሰባትን ሳይመሽ ትነግራችኋለች፣ እናንተም ሳይረፍድ ትደርሳላችሁ። ቁልፍ ሊያሠራ የሚመጣውን ሁሉ ጋሼ «ቤት ልጅ አለ? ስልኩን የት ሆኖ ነው የሚይዘው?» ሳይሉ አይሸኙም።

ሰውዬው ግን አልተያዘም። ፎቶዋም እሱ ዘንድ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ሚጢጢ የያዘችውን ታስቀምጥና ጸጥ ትላለች፤ ጋሼ ወጥተው አይተው «ጎረቤት ነው፣ እኔ አለሁ» እስኪሏት ድረስ።