ውኃ ያፈረሰውን በውኃ

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስጓዝ የአውቶቡሳችን ጎማ ተነፈሰና አንድ ወንዝ አጠገብ ወረድን። ጎማ ባይተነፍስ የተማረ ሰው ከገበሬ ጋር መቼ ይገናኛል?

ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ወደ እንጨት ድልድዩ በሚያወጣው የአፈር ሙሌት ላይ፣ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንዱ የደብሩ መሪጌታ አድማሴ ናቸው፤ ሌላው ቅየሳ ተምሮ የተመለሰው የአገሩ ልጅ ዓለምብርሃን። ሙሌቱ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለቱንም ክረምት ፈርሷል። ባለፈው ሐምሌ የመሪጌታ እህት እናኑ ዐርፋ፣ አስከሬኗ ሁለት ቀን ማዶ ሆኖ የወንዙን መጉደል ጠብቋል።

«ሕዝቡ ለሦስተኛ ጊዜ አፈር ሊሸከም ወጥቷል» አሉ መሪጌታ። «አንተ ደግሞ ውኃ ቅዱ ትላለህ። ውኃ ያፈረሰውን በውኃ ልትሠራ?»

«አዎ፣ መሪጌታ። አንድ ስንዝር አፈር ይደለደላል፣ ውኃ ይረጫል፣ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ሌላ ስንዝር። እርስዎ ግን ደረቁን ባንድ ጊዜ አስቆልለው ለክረምቱ አደራ ይሰጣሉ።»

«ዝናቡ ራሱ ይጠቀጥቀዋል ብዬ ነዋ!»

«ጠቀጠቀው እኮ። ዓባይ ድረስ ወስዶ።»

ሰዉ ሳቀ። መሪጌታ ጭራቸውን አወናጨፉ። «ዳምጠው የሚሉት ባለ ብረት ጎማ መኪና ያለህ ይመስል!»

«እሱስ የአውራ ጎዳናው ነው፤ እዚህ አይወርድም። እስቲ ልጠይቅዎ፤ ጤፍ ሊዘሩ ሲሉ ማሳውን ለምን በከብት ያስረግጣሉ?»

«አፈሩ እንዲጠና ነዋ።»

«በደረቁ?»

«በደረቁማ አቧራ ነው የሚሆን! መሬቱ ሲርስ ነው እንጂ…» አሉና አፋቸውን በጭራቸው ሸፈኑ።

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር መምህሮቼ እንዲህ በገዛ መልሳቸው ሲያዙ አንድም ቀን አላየሁም።

«ቢጨቀይሳ?» አሉ መሪጌታ ለስለስ ብለው።

ዓለምብርሃን የረጠበ አፈር ጨብጦ እጁን ከፈተ። አፈሩ ቅርጹን ይዞ ቀረ፤ መዳፉን ግን አላረጠበም። «ልኩ ይኸ ነው።»

መሪጌታም ጨበጡ፣ ከፈቱ፣ ደግመው ጨበጡ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ! ሴቶች ውኃ፣ ወንዶች በሬ!» ብለው ጮኹ። ሐሳቡ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የራሳቸው ሆነ።

በነሐሴ ስመለስ ወንዙ ሞልቶ ያገሳል፤ ሙሌቱ ግን ቆሟል። ገበያተኛው እግሩ ሳይርስ ይሻገራል፣ ሕመምተኛ በዕለቱ ሐኪም ቤት ይደርሳል፣ ሟችም በሰዓቱ ይቀበራል። መሪጌታን ለጎረቤት ደብር ሰዎች ሲያስተምሩ አገኘኋቸው፤ «ስንዝር በስንዝር! በደረቁማ አቧራ ነው!» ይላሉ። የዓለምብርሃንን ስም አላነሡም።

እኔን ሲያዩ ግን ወደ ወንዙ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እናኑ አንድ ዓመት ብትታገሥ ኖሮ» አሉ።